ለሐይቅ ውሃ የትኛው ጆሮ ይሻላል? የውሃ ውስጥ አልትራሳውንድ አሬይ አመራረጥ

ባለፈው ክረምት ሁለት ተመራቂ ተማሪዎች ኮምቦልቻ ወዳለችው የሥራ ክፍሌ መጡ። ጉዳያቸው ሐይቅ በሚባለው የወሎ ሐይቅ ውስጥ ያለው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ነው። ድምፅ ወደ ውሃው ልኮ ዓሣው የት ጥልቀት ላይ እንደተሰበሰበ የሚያሳይ አሬይ፣ ማለትም ብዙ ጥቃቅን ድምፅ ላኪና ተቀባይ ክፍሎች (ኤለመንቶች) የተደረደሩበት መሣሪያ፣ መሥራት አስበዋል። አንዱ «ጋሼ፣ ሲማት ነው የሚያዋጣው» ይላል። ሌላዋ «ፒማት» ብላ ሙጭጭ ብላለች። ሁለቱም ሲሊከን ቺፕ ላይ የሚሠሩ ጥቃቅን የአልትራሳውንድ ላኪና ተቀባይ ዓይነቶች ናቸው። ሁለቱም በወረቀት አትመው ያመጡትን ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ሳነበው ሁለቱም ልክ ናቸው።

ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱን ዓይነት ጥንካሬ ይዘረዝራል፤ ስለ ሌላው ዝም ይላል። አብዛኛው ደግሞ ለሕክምና የተጻፈ ነው። የሰው ሆድ ላይ ለሚደገፍ መሣሪያ ትልቁ ርቀት ጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትር ነው። እኛ ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስላለ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ስለሚያልፍ ሐይቅ ነው የምናወራው።

ሚዛኑ ይቅደም

ተማሪዎቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስንት ሜጋኸርዝ ይሁን?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መልሼ ጠየቅኳቸው፤ መሣሪያው ከጀልባው ሥር ይለጠፋል ወይስ በገመድ ወደ ታች ይወርዳል? አላሰቡበትም ነበር።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ጀልባ ሥር ከለጠፋችሁት ግፊት አያስጨንቃችሁም። ግን ድምፁ 80 ሜትር ወርዶ 80 ሜትር መመለስ አለበት። በገመድ ካወረዳችሁት ዓሣው ቅርብ ነው፤ ትንሽ ድምፅ ይበቃል። ግን ውሃው ሁሉ ከላይ ተጭኗል። ወይ ርቀቱን ትከፍላላችሁ፣ ወይ ግፊቱን። ሁለቱንም ማምለጥ የለም።

የርቀቱን ዋጋ በቁጥር እንየው። በጣፋጭ ውሃ ውስጥ 1 ሜጋኸርዝ ድምፅ በየሜትሩ ወደ 0.22 ዲሲቤል ይጠፋበታል። ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ሲሆን ኪሳራው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 160 ሜትር ደርሶ መልስ ላይ 1 ሜጋኸርዝ 35 ዲሲቤል ያጣል። ከ3,000 እጅ አንዱ ቀረ ማለት ነው። 750 ኪሎኸርዝ 20 ዲሲቤል ያህል ያጣል። 200 ኪሎኸርዝ ግን 1.4 ዲሲቤል ብቻ። ድምፁ እየሰፋ ሲሄድ የሚሳሳው ደግሞ በሁሉም ላይ የሚጨመር ነው። ለባሕር የተጻፈ ሠንጠረዥ እዚህ አትጠቀሙ። የባሕር ጨው፣ በተለይ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ኪሳራውን ስለሚያበዛው ቁጥሩ ለእኛ አይሆንም።

የግፊቱ ዋጋ ይህን ይመስላል። ሐይቅ ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ይላል። እዚያ የአየሩ ግፊት 80 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ቢሆን 101 ነበር። ውሃው በየ10 ሜትሩ 98 ኪሎፓስካል ይጨምራል። 80 ሜትር ላይ ድምሩ 860 ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት መመዘኛዎች ቀለል ይላሉ። አንደኛ፣ ጩኸት (ድምፅ መላክ) ነው የምትፈልጉት ወይስ ጆሮ (ማዳመጥ)? ሁለተኛ፣ ምን ያህል የተቀራረቡ ነገሮችን መለየት አለባችሁ? ይህን የሚወስነው ባንድዊድዝ (መሣሪያው የሚሠራበት የፍሪኩዌንሲ ስፋት) ነው። ባንድዊድዙ 20 ኪሎኸርዝ የሆነ መሣሪያ 3.7 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ነገሮችን ይለያል፤ 750 ኪሎኸርዝ ያለው 1 ሚሊ ሜትር። ሦስተኛ፣ ቮልቴጅና ኬብል። አራተኛ፣ ማን ይሠራዋል፣ በስንት?

ተራው ሴራሚክ

ፒዚቲ የሚባለው፣ ቮልት ሲሰጠው የሚንቀጠቀጠው ሴራሚክ አሮጌ ነው፣ ከባድ ነው፣ ይጮሃል። የዓሣ ማግኛ መሣሪያዎች ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ችግሩ ለውሃ በጣም ግትር መሆኑ ነው። የፒዚቲ የድምፅ ኢምፔዳንስ (ድምፅ ሲያልፍበት የሚያሳየው ተቃውሞ) ከ30 ሜጋሬይል በላይ ነው፤ የውሃ 1.5 ነው። በመሃል ማጣጣሚያ ንብርብር ካልገባ ከድምፁ ኃይል ወደ ውሃው የሚሻገረው 17 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ባንድዊድዙም ጠባብ ይሆናል።

ግን አንድ ሐቅ ልንገራችሁ። በአሬይ ውስጥ ኤለመንቶች ከግማሽ የሞገድ ርዝመት በላይ መራራቅ የለባቸውም፤ አለበለዚያ የሌለ ዓሣ በሌላ አቅጣጫ ይታያችኋል። በ200 ኪሎኸርዝ ግማሽ የሞገድ ርዝመት 3.7 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ያህል ሴራሚክ በመጋዝ ይቆረጣል። ለዚህ ብሎ ሲሊከን ማዘዝ ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ሴራሚኩን ወደ ጥቃቅን ምሰሶ ቆርጦ መሃሉን በኤፖክሲ የሞሉት ደግሞ ኮምፖዚት ይባላል። ለውሃ ይቀርባል፣ ባንድዊድዙ ይሰፋል፣ ዋጋውም ይጨምራል። በጀት ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም።

ሲማት፦ ሁለት ሳህን፣ በመሃል ባዶ

ሲማት እንደ ድቤ አስቡት። ከላይ የተወጠረ ቀጭን የሲሊከን ሽፋን አለ። ከሥሩ ቫኪዩም፣ ከቫኪዩሙ ሥር ደግሞ ሌላ ኤሌክትሮድ። ቮልት ሲሰጠው ሽፋኑ ወደ ታች ይሳባል፤ ሲለቀቅ ይጮሃል። ድምፅ ሲመታው ደግሞ ካፓሲታንሱ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) ይለዋወጣል፤ ያ ነው ጆሮው። እ.ኤ.አ. በ1994 ስታንፎርድ ውስጥ ሲቀርብ መጀመሪያ የታሰበው ለአየር ነበር። በውሃ ውስጥ ባንድዊድዙ ከ100 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ሴራሚክ በሕልሙም አያገኘውም።

ተማሪው ሲማትን የወደደውም ለዚህ ነው። አብረን አንድ ሴል (አንድ ነጠላ ድቤ) በወረቀት ላይ አሰላን። የሽፋኑ ሬዲየስ 100 ማይክሮሜትር፣ ውፍረቱ 5 ማይክሮሜትር፣ ክፍተቱ ግማሽ ማይክሮሜትር ይሁን። በአየር ውስጥ 2 ሜጋኸርዝ ገደማ ይመታል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ውሃውንም ተሸክሞ ስለሚንቀሳቀስ ወደ 760 ኪሎኸርዝ ይወርዳል። ድቤ ቆዳው ሲርስ ድምፁ እንደሚወፍር ማለት ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በአየር አስልተው ያዙና በውሃ ውስጥ ሲያዳምጡ ፍሪኩዌንሲው ጠፍቷል።

አሁን እናውርደው። ውሃው ላይ እያለ የአየሩ ግፊት ብቻውን ሽፋኑን 71 ናኖሜትር ያጎብጠዋል። 10 ሜትር፣ 20 ሜትር፣ 30 ሜትር እያለ ጉብጠቱ ይጨምራል። መሣሪያው ግን ይሠራል፤ እንዲያውም ክፍተቱ ሲጠብ ጆሮው ይሰላል። ደስ ይላችኋል። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይሉ የለ? 49 ሜትር ገደማ ሲደርስ ሽፋኑ ወለሉን ይነካል። ያውም ያለ ምንም ቮልት ነው። ባያስ (ሳይቋረጥ የሚሰጠው ቋሚ ቮልት) ከተጨመረበት ብዙ ቀደም ብሎ ይወድቃል። እኛ ከፍታ ላይ በመሆናችን ከባሕር ዳርቻ ሰው የምናተርፈው 2 ሜትር ብቻ ናት።

«ክፍተቱን 1 ማይክሮሜትር እናድርገዋ!» አለ ልጁ። ይቻላል። ያኔ ወለሉን የሚነካው 106 ሜትር ላይ ነው። ነገር ግን ሽፋኑን ጥሎ የሚያጣብቀው ቮልቴጅ በግምት ከ120 ወደ 330 ቮልት ይዘላል። ሲማት ጥሩ የሚሠራው ደግሞ ለዚያ ቮልቴጅ ተጠግቶ ነው። ጥልቀቱ ሲለዋወጥ ባያሱን አብሮ መለዋወጥም ያስፈልጋል። ከ300 ቮልት በላይ ይዞ እንጨት ጀልባ ላይ መቀመጥ እኔ አልሞክረውም። በዚያ ላይ ኤሌክትሮዶቹን በሚለየው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ንብርብር ውስጥ ቻርጅ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፤ ዛሬ ያስተካከላችሁት ነጥብ ከወር በኋላ ይንሸራተታል።

ሆን ብሎ ሽፋኑን ወለል አስነክቶ የሚሠራ አሠራርም አለ። ጩኸቱ ይጨምራል። ግን ለጀማሪ አልመክረውም።

ፒማት፦ ባዶውን የማይፈልገው

ፒማትም ሽፋን ነው። ልዩነቱ ሽፋኑ ላይ ስስ የፒዞ ፊልም መለጠፉ ነው። ቮልት ሲሰጠው ፊልሙ ይለጠጣል ወይ ይኮማተራል፤ ሽፋኑም ይታጠፋል። ባያስ አያስፈልገውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሥሩ ያለው ክፍተት ለሥራው ምንም አያደርግም። ስለዚህ ጥልቅ ሊሆን ይችላል፤ ግማሽ ማይክሮሜትር ሳይሆን 400 ማይክሮሜትር።

ለንጽጽር እንዲመች ተመሳሳይ ስሌት ሠራን። 10 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ሲሊከን፣ ሬዲየሱ 200 ማይክሮሜትር። በውሃ ውስጥ 380 ኪሎኸርዝ ገደማ ይመታል። 80 ሜትር ላይ ጉብጠቱ አንድ ማይክሮሜትር ተኩል ቢሆን ነው። የሚነካው ወለል የለም። ጠርዙ ላይ የሚፈጠረው ውጥረት 260 ሜጋፓስካል አይሞላም፤ ሲሊከን ይህን ይችላል። ፍሪኩዌንሲው ትንሽ ይንሸራተታል እንጂ ዝም አይልም። ልጅቷ ፈገግ ያለችው እዚህ ላይ ነው።

ቶሎ ፈገግ አትበይ አልኳት። ፒማት ደካማ ጯሂ ነው። ባንድዊድዙም ከሲማት ይጠባል። የተለያየ መጠን ያላቸውን ሴሎች አንድ ኤለመንት ውስጥ በመቀላቀል ማስፋት ይቻላል፤ ግን ነጻ አይደለም።

ከዚያ ደግሞ የፊልሙ ጥያቄ አለ። አልሙኒየም ናይትራይድ ወይስ ፒዚቲ ፊልም? የፒዚቲ ፊልም የመግፋት ኃይሉ የአልሙኒየም ናይትራይድን ወደ 10 እጥፍ ያህላል። ለጩኸት እሱ ነው። ግን ፐርሚቲቪቲው (ቻርጅ የማከማቸት ባሕርዩ) 100 እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ ሲያዳምጥ የሚያወጣው ቮልት ያንሳል። እርሳስ ስላለበትም አብዛኞቹ ቺፕ የሚሠሩ ፋብሪካዎች መስመራቸው ውስጥ አያስገቡትም። አልሙኒየም ናይትራይድ ንጹሕ ነው፣ ከኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ጋር አብሮ ይሠራል፣ ጆሮው ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ ስካንዲየም ሲጨመርበት ኃይሉ በብዙ እጥፍ እንደሚያድግ ታይቷል፤ አሁን ብዙዎች ወደዚያ እያዘነበሉ ነው። ካገኛችሁት ውሰዱት።

ስለ ኬብሉ ማንም አይነግራችሁም

የሁለቱ ትልቁ ልዩነት በወረቀት ላይ አይታይም። ኬብሉን ስትሰኩ ነው የሚታየው።

ከላይ ያሰላነውን ሲማት 16 ሴል አድርገን አንድ ኤለመንት ብንሠራ ካፓሲታንሱ 9 ፒኮፋራድ ገደማ ነው። ኮአክሲያል ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል አለው። 2 ሜትር ኬብል ብትቀጥሉ ከ23 እጅ አንዱ ያህል ምልክት ብቻ ነው ማጉያው ጋ የሚደርሰው። ፒማቱ ግን ግማሽ ማይክሮሜትር አልሙኒየም ናይትራይድ ይዞ በ16 ሴል 170 ፒኮፋራድ ይደርሳል። ኬብሉ የሚበላው ግማሹን ያህል ነው።

እንግዲህ ሲማት ከመረጣችሁ ማጉያው ከቺፑ ጎን፣ ውሃ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ምርጫ አይደለም። ፒማት ላይ ደግሞ ማጉያውን ጀልባ ላይ አድርጋችሁም መማር ትችላላችሁ።

የገመዱ ብዛትም አለ። 32 በ32 የሆነ ሁለት አቅጣጫ አሬይ 1,024 ኤለመንት ነው። ያን ሁሉ ሽቦ ማን ይበይዳል? አንድ ረድፍ 32 ይጩህ፣ ሌላ በመስቀል የተቀመጠ ረድፍ 32 ያዳምጥ። 64 ቻናል ይበቃል፤ የሚገኘው ጨረር በሁለቱም አቅጣጫ 3 ዲግሪ ገደማ ይጠባል። 80 ሜትር ላይ ይህ ከ4 ሜትር በላይ ስፋት ነው። አንድ ቆሮሶ ለይቶ ለማየት አይበቃም፤ መንጋውን ለማየት ግን ይበቃል። ዓሣው ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ድምፅ በደንብ ስለሚመልስ መንጋ ሲኖር ይታወቃል።

ጉሎ

ሁለቱም ዓይነቶች ከውሃ መሸፈን አለባቸው። ጥቂት ማይክሮሜትር ፓሪሊን (ስስ የፕላስቲክ ልባስ) ለሽቦዎቹ ጥሩ ነው። ሲሊኮን ጎማም ይሠራል፤ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ግን ድምፅ ይበላል። እኔ የምወደው ቺፑን ዘይት ባለበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ፊቱን በስስ ፖሊዩሬቴን መዝጋት ነው። ዘይቱ ደግሞ የጉሎ ዘይት ነው። አዎ፣ እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ጉሎ። የድምፅ ኢምፔዳንሱ ከውሃ ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረው፤ ሶናር ሠሪዎች ከድሮም ይጠቀሙበታል። የገበያውን ግን አታፍስሱ። የተጣራና አየሩ በቫኪዩም የወጣ መሆን አለበት።

በሠንጠረዥ

| አማራጭ | ጩኸት | ጆሮ | ባንድዊድዝ | 80 ሜትር መቻል | ባያስ | ወጪና አገኛኘት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ተራ ሴራሚክ | በጣም ጥሩ | ደህና | ጠባብ | ይችላል | የለም | ርካሽ፣ በነጠላ ይገዛል |
| ኮምፖዚት | በጣም ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | ይችላል | የለም | ውድ፣ በትዕዛዝ |
| ሲማት | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | በጣም ሰፊ | ለጥልቀት ካልተሠራ አይችልም | 100 ቮልት አካባቢና ከዚያ በላይ | በጣም ውድ |
| ፒማት፣ አልሙኒየም ናይትራይድ | ደካማ | ጥሩ | መካከለኛ | ይችላል | የለም | በጋራ ዋፈር (ከሌሎች ደንበኞች ጋር በአንድ የሲሊከን ሳህን) ይታዘዛል |
| ፒማት፣ ፒዚቲ ፊልም | መካከለኛ | ደህና | መካከለኛ | ይችላል | አንዳንዴ ትንሽ | ፋብሪካው ጥቂት ነው |

ለማን የቱ?

ጀልባ ሥር ለጥፋችሁ እስከ ወለሉ ማየት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ በጀቱም ጠባብ ከሆነ፣ 200 ኪሎኸርዝ ሴራሚክ ግዙና ወደ ሥራ ግቡ። ክርክር የለውም።

ከጀልባው ሥር ሆኖ ዓሣው በየትኛው አቅጣጫ እንዳለም መለየት ለሚፈልግ የእኔ ምርጫ ቅልቅል ነው። ሴራሚኩ ይጩህ፣ ፒማቱ ያዳምጥ። ፒማቱን ወደ 200 ኪሎኸርዝ ለማውረድ ያንኑ 10 ማይክሮሜትር ሲሊከን ይዛችሁ ሬዲየሱን 260 ማይክሮሜትር አድርጉት። ተማሪዎቹም በመጨረሻ የተስማሙት በዚህ ነው፤ ሲማት ይሻላል ሲል የነበረው ልጅ ትንሽ አኩርፎ።

በገመድ ለሚያወርድ፣ ጩኸቱም ጆሮውም ፒማት ቢሆን ያስኬዳል። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ደካማው ጩኸት ይበቃል። 380 ኪሎኸርዝ ጥሩ መነሻ ነው። ፒዞማምፕስ የሚባለው የጋራ ዋፈር አገልግሎት በ10 ማይክሮሜትር ሲሊከን ላይ ግማሽ ማይክሮሜትር አልሙኒየም ናይትራይድ ይሠራል፤ ስሌታችንን ያንን አስበን ነው ያደረግነው። የሚደርሳችሁ ቺፕ ግን ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 32 ኤለመንት በ380 ኪሎኸርዝ 62 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ቺፖችን ጎን ለጎን መደርደር ግድ ይላል፤ መገጣጠሚያው ላይ ርቀቱ እንዳይዛነፍ ከአሁኑ አስቡበት። ወጪው በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፤ የውጭ ምንዛሬውንና የጉምሩኩን ጊዜም ጨምሩበት።

ለቦርከና ወንዝ ዓይነት ጥልቀት ለሌለው ውሃ፣ ለዓሣ ኩሬ ወይም ጎርፍ የሚያመጣውን ደለል ለመለካት ግን ሲማት ይበልጣል። ሁለት ሜትር ውሃ ክፍተቱን አይነካበትም። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ አይጎዳም። ያ ሰፊ ባንድዊድዝ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ነው። ገንዘቡ ካለ።

ለመማር ብቻ ለሚፈልግ አንድ የሴራሚክ ዲስክና አንድ የፒቪዲኤፍ ፕላስቲክ ፊልም ይበቃሉ።

የትኛውንም ብትመርጡ ሐይቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሮቶ ውስጥ ሞክሩት። ውሃውን ቀድታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ቅዳሜ በከንቱ ያቃጠልኩት ከቧንቧ የመጣውን ውሃ ወዲያው ተጠቅሜ ነው። ምልክቱ ጠፋ። ማጉያውን ቀየርኩ፣ ኬብሉን ቀየርኩ። መብራት ሄዶ መጣ፣ ያው ነው። አመሻሹ ላይ ቺፑን በጣቴ ጠረግ ሳደርገው ድምፁ ተመለሰ። ፊቱ ላይ በዓይን የማይታዩ የአየር አረፋዎች ተለጥፈውበት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ውሃ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ፊቱን አንድ ጠብታ ላርጎ እቀባዋለሁ።